ምን ይፈጫል?

ጎረቤት ይመጣል፤ በሩ ላይ ይቆማል፤
ሞሲሳን ያየዋል፣ ቶርኖውን ይሰማል።
«ምን ይፈጫል?» ይላል።
«አይፈጭም።»
«ውኃ ይስባል?»
«አይስብም።»
«ታዲያ ምን ያደርጋል?»
«ይዞራል» ይለዋል ባሌ፣ ቀና ሳይል፤
ሰውየው ወደ እኔ ይዞራል፣ ያዘነልኝ ይመስል።

አዳማ፣ ከአሮጌው ጣቢያ ጀርባ፣ ከሐዲዱ ማዶ፣
ቆርቆሮ ክፍል አለችን፤ ወለሏ ላይ ብሎን፣ መስኮቷ ላይ ዳዶ።
ዶሮ ላረባባት ነበር ያሰብኳት፤
አንድ ቅዳሜ ቶርኖ በጋሪ አምጥቶ ቀማኝ፣ ወሰዳት።
አራት ሰው አወረደው፤ አምስተኛው ሸሸ፤
ፈረሱ እንኳን ሲራገፍለት ተነፈሰ፤ ቀኑም መሸ።

የግንቦት ፀሐይ ወጥታ ቆርቆሮው ሲንጣጣ፣
እሱ እሳት ያነዳል፣ ላቡ ከአገጩ ሲመጣ።
ለዚያች ቀጭን ቀዳዳ የሚሆን መቁረጫ
ገበያ ላይ የለም፤ ያለው ሁሉ ለእንጨት መፍለጫ።
ያረጀ ሞረድ ሰብሮ፣ ጥርሱን ፍቆ፣ ሞርሮ፣
ፍም እስኪመስል አግሎ፣ ዘይት ውስጥ ነክሮ፣
እንደገና ያሞቀዋል፤ አሁን ግን በቀስታ፣
ዓይኑን ሳይነቅል፣ ትንፋሹን ገትቶ ለአፍታ።
የጤፍ ገለባ ሲመስል፣ እዚያው ላይ ያወጣዋል፤
ወደ ሰማያዊ ካለፈ ለስልሷል፤ ይጥለዋል።
«ብረት እኮ እንደ ሰው...» ሲል አቋርጠዋለሁ፤
«ብረት ብረት ነው፣ ሞሲሳ። ራት ቀርቧል» እለዋለሁ።

ፒስተኗ ከትንሿ ጣቴ ታንሳለች፤
ሲሊንደሯ የቧንቧ ስባሪ ነበረች፣ ዛሬ መስተዋት መስላለች።
በሁለቱ መሃል ያለውን ክፍተት «የፀጉር ሲሶ» ብሎ ነገረኝ፤
አላመንኩም። ከራሴ ሽበት ነቅሎ በማይክሮሜትር ለክቶ አሳየኝ።
ሰባት መቶኛ ሚሊሜትር። «ሽበትሽ ልክ ነው» አለ፤
ሠላሳ ስምንት ዓመት በትዳር፣ ከዚህ የበለጠ ሙገሳ የት አለ?

ሦስት ዓመት ሞላት። አንድ እሑድ ጠዋት
ቦንሳ ጎሚስታው ከመነዳሪ ነፍቶ አመጣላት።
ቱቦውን አገናኙ፤ ጎረቤት ተሰበሰበ፤
ነፋሱ ገባ። ቮላኖው ተነቃነቀ፣ ግማሽ ዞረ፣ አሰበ፣
ቆመ።

ፈታት። ለካት። ገጠማት። ዘይት ቀባ።
ደግሞ ግማሽ፤ ደግሞ ቆመች። ሰዉ እየሳቀ ወደየቤቱ ገባ።
«ምን ይፈጫል?» ያለኝ ሰውዬ የዚያን ቀን ምንም አላለም፤
ዝምታው ባሰብኝ፤ ባሌም እህል አልቀመሰም።

ማታ፣ እሱ ጣሪያ ሲያይ፣ ተነሥቼ ገባሁ፤
ሃያ ስድስት ዓመት ክር ፋብሪካ ቆሜ ያረጀሁ፣
አራት መቶ እንዝርት ሲጮኽ የታመመውን አንዱን
በጆሮዬ ለይቼ የምጠራ መካኒኩን።
ቮላኖዋን በአንድ ጣት፣ ቀስ አድርጌ አዞርኳት፤
ጆሮዬን አስጠጋሁ።
ሁሌ አንድ ቦታ ላይ «ጪጭ» ስትል ሰማኋት።
ፒስተኗ አልነበረችም፣ እሱ ቀኑን ሙሉ የወቀሳት፤
ዘንጓ ናት፣ ቦኮላው ጥግ ላይ የሚነክሳት።

«ሞሲሳ፣ ተነሥ።» «ምን ሆንሽ?» «ተነሥ፣ ና ስማት።»
ሰማት።
መብራት ጠፍቶ ነበር። ስልኬን አብርቼ ያዝኩለት፤
በዚያች የገለባ ቀለም ቢላ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ፋቀበት።
የብናኙ መጠን? በርበሬ ላይ ቢወድቅ አይታይም፤
ጠረገው በትንፋሹ። እጁ ግን ያን ያህል አይንቀጠቀጥም።

ከመነዳሪው ውስጥ ጥቂት ነፋስ ተርፋ ነበረች፤
ከፈታት።
ዞረች።

ኮረብታው ላይ እነዚያ ነጫጭ የነፋስ ማማዎች
በጨለማ ይዞራሉ፤ የመብራት ፋብሪካዎች፤
ሠፈራችን ግን ድቅድቅ ነው፣ አንድ አምፖል አይበራ፤
እኛ ግን የማትፈጭ፣ የማታበራ
መዳፍ የምታህል ነገር ላይ ሁለታችንም አጎንብሰን፣
የስልኩ ባትሪ ሊያልቅ ነው፣ ስድስት በመቶ ቀርቶን።

«ዶሮዎቹስ?» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
«ዝም በል» አልኩት፤ «እየቆጠርኩ ነው።»